ካሊፎርኒያ ውስጥ ቱርቦ፦ ሞተር መቀየር ይሻላል ወይስ ኪት መግጠም?

ካሊፎርኒያ ውስጥ መኪናን ቱርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ እየገፋ ጉልበቱን የሚጨምር መሣሪያ) ያለው ለማድረግ ሁለት ሕጋዊ መንገዶች አሉ። ነባሩን ሞተር ከፋብሪካው ቱርቦ ይዞ በወጣ ሞተር መቀየር፣ ወይም ነባሩ ሞተር ላይ የቱርቦ ኪት (ሙሉ የመግጠሚያ ዕቃ) መጨመር።

ሞተር መቀየር ጣጣው ብዙ ነው። የሚገባው ሞተር ስሪት ከመኪናችሁ ጋር እኩል ዓመት ወይም ከዚያ አዲስ መሆን አለበት። የ2004 መኪና ላይ የ1998 ሞተር አይፈቀድም። ሞተሩም ብቻውን አይገባም፤ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (የጭስ ማጣሪያው)፣ የኦክስጅን ሴንሰሮቹ፣ ኮምፒውተሩ፣ የነዳጅ ትነት መቆጣጠሪያው ሁሉ አብረው ይገጠማሉ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩን በርካሽ ይገዛና ተቀጥላዎቹን ፍለጋ ይንከራተታል። ሥራው ሲያልቅ መኪናው የሚታየው ተራ የጭስ መመርመሪያ ጣቢያ ሳይሆን «ስሞግ ሬፈሪ» ዘንድ ነው፤ ይህም እንዲህ ያሉ ለየት ያሉ መኪኖችን የሚያይ የስቴቱ መርማሪ ነው። ካለፈ መለያ ይለጠፍለታል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም መኪና ይመረመራል።

ኪቱ ቀለል ይላል፣ ፈቃድ ካለው። የስቴቱ የአየር ሀብት ቦርድ የሰጠው የፈቃድ ቁጥር ያስፈልገዋል። ቁጥሩም ለእናንተው ሞዴል፣ ዓመትና ሞተር የተሰጠ መሆን አለበት። ቁጥር ከሌለ ጭሱ ንጹሕ ቢሆንም መኪናው በዓይን ምርመራ ይወድቃል። ሶፍትዌሩንም አትነካኩ፤ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ያልተፈቀደ ፕሮግራም የተጫነበት ኮምፒውተር መኪናውን ከምርመራው ይጥላል።

እኔ ብሆን ለመኪናዬ የተፈቀደ ኪት ካለ ሞተር አላወርድም። በነገራችን ላይ፣ የ1975 እና ከዚያ በፊት የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ከጭስ ምርመራው ነፃ ናቸው።