የዓይን ክሬም ይሉታል እንጂ የአጥንት ክሬም ነው፦ ስምንት ወር ከሬቲኖል ጋር በድሬ ሙቀት

ይህን ክሬም የገዛሁት መስታወት አይቼ አይደለም። «እርስዎ» ተብዬ ነው።

የድሬ ሰው ይገባዋል። እዚህ አንቱታ ብዙም ቦታ የለውም። ሽማግሌውም ሹሙም «አንተ» ነው፤ የሚቀየም የለም። እኔ ቀፊራ አካባቢ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ባጃጅ ነጂው፣ ሎሚ ሻጯ፣ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ «አንቺ» እያለኝ ነው አርባ አራት ዓመት የሞላኝ። ባለፈው ጥቅምት ክርና ዚፕ ልገዛ ታይዋን ወደምንለው የድሬ ገበያ ሄድኩ። ከክሩ ሱቅ ጎን ቅባትና ሽቶ የሚሸጥ አንድ ልጅ «እናቴ፣ ምን ልስጥዎት? ለእርስዎ የሚሆን ክሬም አለኝ» አለኝ።

እርስዎ! ልጁ ክፋት የለውም፣ አነጋገሩም የመሃል አገር ነው። እኔ ግን እግሬ ተያዘ። በሱቁ መስታወት ራሴን አየሁ። ሃያ ሁለት ዓመት መርፌ ቀዳዳ ላይ ያፈጠጠ ዓይን ምን ይመስላል? ዳር ዳሩ ሽብሽብ ብሏል። ሽብሽቦ ቀሚስ ላይ ያምራል፣ ዓይን ላይ አያምርም።

1,800 ብር ከፈልኩ። ዚፑን ረስቼ ተመለስኩ።

ዕቃው ይሄ ነው፦ 15 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አፏ ጠባብ ቱቦ፣ ሬቲኖል 0.1 በመቶ፣ ላይዋ ላይ በትልቁ «የዓይን ክሬም» የሚል። ሬቲኖል የቫይታሚን ኤ ወገን ነው። ቆዳ ውስጥ ገብቶ ወደ አሲድ ይለወጥና ቆዳው ራሱን ቶሎ ቶሎ እንዲያድስ፣ ኮላጅንም እንዲሠራ ይቀሰቅሰዋል። ኮላጅን በእኔ ሙያ ቋንቋ ገበር ነው። ገበሩ ሲሳሳ ላዩ ይጨማደዳል። ልጁ «በአሥር ቀን ለውጡን ያያሉ» ብሎኝ ነበር። በአሥር ቀን ያየሁት መላጥ ነው። ሽብሽቦው መላላት የጀመረው ሦስተኛው ወር ላይ ነው። መላላቱን ግን አልክድም። ስለ ደጉ ጊዜ የምለው ይኼው ነው፤ እስከ ጥር ድረስ በሰላም ኖርን።

የካቲት መጨረሻ ላይ ሙቀቱ መጣ።

ጠዋት ስነሳ ዓይኔ አሸዋ የተበተነበት ይመስለኝ ጀመር። ሽፋሽፍቴ ሥር ይቆጠቁጠኛል። ቀን ቀን ደግሞ ያለ ሐዘን ያስለቅሰኛል። መነጽር ነው አልኩ። ዕድሜ ነው አልኩ። የደቻቱ አቧራ ነው አልኩ። ክሬሙን አልጠረጠርኩትም። ለምን እጠረጥረዋለሁ? የዓይን ክሬም ይላል እኮ!

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የሚዜዎች ድሪያ ልሰፋ ተቀመጥኩ። ስድስት ድሪያ፣ ሁሉም ሐምራዊ፣ ለቅዳሜ የሚደርስ። የክሩን ጫፍ በምራቄ አሾልኩት። መርፌው ጋ ሳደርሰው ቀዳዳው ሁለት ሆነ። ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ፤ አንድ ሆነ። ክሩን ሳስጠጋ ተመልሶ ሁለት። ስድስት ጊዜ ሞከርኩ። በመጨረሻ ሥራ ልትለምድ እኔ ጋ የምትውለው ልጅ መርፌውን ከእጄ ወሰደች። አየት እንኳ ሳታደርግ ክሩን አስገብታ መለሰችልኝ። ምንም አላለችም። ዝምታዋ ከ«እርስዎ» ይብሳል።

ነገሩ የተገለጠልኝ ሐረር ነው። እህቴ ጀጎል ውስጥ ነው የምትኖረው። ረመዳን ካለቀ በኋላ ለሐረሪዎች በዓል ለሹዋሊድ ጠራችኝ፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ከመዘገበው ወዲህ ጭራሽ መቅረት አይቻልም። የደንገጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ ወጥቼ ሄድኩ። ክሬሜም አብሮኝ ሄደ፤ አንድም ሌሊት አልዘለልኩም። በሦስተኛው ቀን ዓይኔ ሳይቆረቁረኝ ነቃሁ። በስድስተኛው ቀን ለእህቴ ትንሽ ልጅ የዩኒፎርም ቁልፍ ተከልኩላት፤ ክሩን በአንድ ሙከራ አስገብቼ። የሐረር አየር ነው ብዬ ደስ አለኝ። ድሬ በተመለስኩ በሁለተኛው ሌሊት አሸዋው መጣ።

ክሬሙ ያው ነው። ፊቴም ያው ነው። የተለወጠው ከፍታው ነው። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሰው ጋቢ ደርቦ ይተኛል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እኛ ላብ ደርበን ነው የምንተኛው።

«ክሬሙ እየሄደ ነው» ያለችኝ የዓይን ሐኪሟ ናት። ዓይኔን በመሣሪያዋ አየችና «ምን ትቀቢያለሽ?» አለችኝ። ቱቦዋን ከቦርሳዬ እንደ ሌባ ቀስ ብዬ አወጣሁ።

የዓይን ቆብ ቆዳ ከሰውነታችን ቆዳ ሁሉ ስሱ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ሻሽ በሉት። በቆቡ ጠርዝ ላይ፣ ሽፋሽፍቱ ሥር፣ ትናንሽ የዘይት ዕጢዎች ተደርድረዋል። ላይኛው ላይ ከ25 እስከ 40፣ ታችኛው ላይ ከ20 እስከ 30። የእነሱ ዘይት እንባችን ላይ ስስ ሽፋን ይሠራና ቶሎ እንዳይተን ይይዘዋል። ሬቲኖልና ዘመዶቹ እዚያ ከደረሱ ዕጢዎቹን ሊያውኩ ይችላሉ። ዘይቱ ሲያንስ እንባው ይተናል፣ ዓይኑ ይደርቃል። የደረቀ ዓይን ደግሞ ሲቆረቁረው ውሃ ውሃ የሚል እንባ ያወርዳል። ድርቀት ያስለቀሰኝ ለዚህ ነው። መርፌውን ሁለት ያደረገብኝም እሱ ነው።

በዚያ ላይ የእኔ ጥፋት አለ። ልጁ «እስከ ሽፋሽፍቱ ድረስ ያስጠጉት» ብሎኛል፤ አስጠጋሁ። ቀብቼ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እተኛለሁ። ያልበኛል፣ ላቡ ክሬሙን ይዞት ይወርዳል። ትራሱ ከጉንጬ ያነሳውን መልሶ ዓይኔ ላይ ያሸዋል። ቬንትሌተሩ ሌሊቱን ሙሉ ፊቴ ላይ እየነፋ የቀረችኝን እንባ ያደርቃል። ሐረር ላይ ላቡም ቬንትሌተሩም አልነበሩም።

ከዚያ ልጅ ጋር በልቤ ስጣላ ከረምኩ። ጨርቅ እየቆረጥኩ እጣላዋለሁ። «አንተ፣ የዓይን ክሬም አላልከኝም?» እለዋለሁ። «አዎ እናቴ፣ የዓይን ነው» ይለኛል። «ታዲያ ውስጡ ያለው ወረቀት ዓይን እንዳይነካ ለምን ይላል?» «ኧረ እናቴ፣ ወረቀት ማን ያነባል!» እዚህ ላይ ይረታኛል። እኔም ያነበብኩት ከስድስት ወር በኋላ ነው። ፊደሉ ራሱ ከጉንዳን ዓይን ያንሳል።

አቦ፣ ስሙን ያወጣው ሰው ነው ጥፋተኛው። የዓይን አይደለም፤ የአጥንት ነው። በዓይናችሁ ዙሪያ በጣታችሁ ስትዳብሱ የሚጠነክር የአጥንት ቀለበት አለ። ክሬሙ እዚያ ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ውስጥ አያልፍም። ቆቡ ላይ ጨርሶ አይወጣም። ሳጥኑ ላይ «የዓይን ዳር አጥንት ክሬም» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ አሁን የጠብታ ብር ባላወጣሁ።

ሐኪሟ ክሬሙን አራት ሳምንት አስተወችኝ። ጠዋትና ማታ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጨፍኜ ዓይኔ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ቀን ሰው ሠራሽ እንባ እጨምራለሁ። ጨርቁን ቶሎ ወደድኩት። በድሬ ሙቀት ላይ ሌላ ሙቀት መጨመር እብደት ይመስላል፣ ዓይን ግን ያርፋል። የደረቀው ዘይት ቀልጦ ይወጣል አለችኝ።

አሁን እንደገና ጀምሬያለሁ፤ በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ፣ ሰኞና ሐሙስ። ለሁለቱም ዓይን አንድ የሩዝ ፍሬ የምታህል ትበቃለች። እኔ ቀድሞ ለአንዱ ብቻ የባቄላ ያህል ነበር የምለጥፈው፤ ቱቦዋ ቶሎ የጎደለችው ለካ ለዚህ ነው። ፊቴን ታጥቤ በደንብ እስኪደርቅ እቆያለሁ። በቀለበት ጣቴ ጠብ ጠብ አደርጋለሁ፣ አላሽም። የቀለበት ጣት አቅሙ ደካማ ስለሆነ ቆዳ አይጎትትም ይላሉ። የእኔማ የመሃል ጣት በመርፌ ተበሳስቶ ሞረድ ሆኗል። ከዚያ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ። ግቢ ወጥቼ ቢያንስ አንድ ሰዓት እቀመጣለሁ። ስተኛ በጀርባዬ፣ ቬንትሌተሩ ወደ እግሬ ዞሮ። ባሌ «ለማን ብለሽ ነው እንደ ሬሳ የምትጋደሚው?» ይለኛል። አልመልስለትም።

ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ እንጂ ማሸት የለም። ካመመ፣ ብርሃን ካስፈራ ወይም ብዥታው አልለቅ ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ነው።

ክሬሙ እንዳይሄድ ዓይን ዙሪያ ቫዝሊን ቀብቶ ግድብ መሥራት ነው የሚሉም አሉ። ለቀዝቃዛ አገር ይሆን ይሆናል። ድሬ ላይ በግንቦት ግድቡ ራሱ ይፈሳል። ሞክሬ ነው የምላችሁ።

ኩሌንም አጣሁ። ይሄኛው አሳዝኖኛል። እናቴ የሰጠችኝ ብልቃጥ ነው፣ ጠዋት ሳልኳል አልወጣም ነበር። ሐኪሟ አንዳንዱ ኩል እርሳስ እንዳለበት ነገረችኝ፤ የወረቀት ሳይሆን የብረቱ እርሳስ። በተላጠ ቆብ ላይ ደግሞ ጭራሽ። ብልቃጡ ቁም ሳጥኔ ላይ አለ፣ አላወጣሁትም።

ጎረቤቴ ይሄን ሁሉ ሰምታ «እሱን ተይው፣ ይሄኛው አያቃጥልም» ብላ ፊት የሚያቀላ ክሬም አመጣችልኝ። ከጅግጅጋ የመጣ ነው አለች። ስሙን በስልኬ አንስቼ ለሐኪሟ ሳሳያት ፊቷ ተለወጠ። ስቴሮይድ ነበረበት። ስቴሮይድ የማያቃጥለው ቁጣውን ስለሚያፍነው ነው። ዓይን አጠገብ ሲከርም የዓይን ግፊት ይጨምራል፤ ግላኮማና ሞራ እስከማምጣት ይደርሳል። የሬቲኖል ማቃጠል ቢያንስ ይናገራል። ለጎረቤቴ ነገርኳት፤ አኩርፋ ነው የሰነበተችው።

የእህቴ ትልቋ ልጅ ደግሞ ሐረር ሳለሁ ቱቦዋን አይታ «አክስቴ፣ ትንሽ ስጪኝ» ብላኝ ነበር። ያኔ ሰጥቻት ቢሆን ኖሮ! ነፍሰ ጡር ናት። ሬቲኖል በእርግዝና ጊዜ የሚቀባ ነገር አይደለም፤ ይሄንንም ያነበብኩት ከዚያው ጉንዳን ከሚያህል ጽሑፍ ነው። ያን ቀን የከለከልኳት ግን በንፉግነት ነበር፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

ማታ ሬቲኖል የቀባ ሰው ቀን ፀሐይ መከላከያ ሳይቀባ አይወጣም። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ዓይንን ብዙ አይቆጠቁጥም። ዱቄት ፊት ላይ የተነፋበት ሰው ያስመስላል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለውም። ሰፊ መነጽርና ሻሽ ጨምሬበታለሁ። አንዳንዴ ሽብሽቦውን ያላላው መነጽሩ ይሆን እላለሁ፤ ዓይኔን አላጨነቁርማ።

ቱቦዋ የምትቀመጠው ማቀዝቀዣ በር ላይ ነው፣ ከቲማቲም ድልህ አጠገብ። ሙቀትና ብርሃን ያበላሹታል። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣውም ያው ቁም ሳጥን ነው፣ ግን ቢያንስ ጨለማ ነው።

ተጸጽቼአለሁ ወይ? የጠዋቱን ዓይኔን ካስታወስኩ አዎ። ማክሰኞን ካስታወስኩ በጣም አዎ። መስታወት ፊት ከቆምኩ ግን ያ ሽብሽቦ በእውነት ቀንሷል፣ ልጅቷም መርፌዬን መቀማት ትታለች። ስለዚህ በየትኛው ቀን እንደምትጠይቁኝ ይወሰናል።

በሰኔ መጀመሪያ እቃ ልገዛ ታይዋን ተመለስኩ። የሆዴን ሁሉ ይዤ ነው የሄድኩት። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ፣ «ዓይን እንዳይነካ» የሚለው ላይ በጠመኔ አስምሬ። ልጁ ሱቁ በር ላይ ቆሞ አየኝ። «አንቺ! ጠፋሽ እኮ፣ ምን ልስጥሽ?» አለኝ።

ወይ ክሬሙ ሠርቷል፣ ወይ ልጁ ስምንት ወር ውስጥ ድሬኛ ሆኗል። የቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ወረቀቱን አሳየሁት፣ አጥንቱን በጣቴ ዳብሼ አሳየሁት። «ለሚመጣው ሰው እዚህ ጋ በል፣ ሽፋሽፍት እንዳትል» አልኩት። «እሺ፣ ወላሂ» አለኝ። ከዚያ ጎኑ ካለው ሱቅ አሥራ ሁለት ዚፕ ገዝቼ ወጣሁ።