ሃይፐርስፓይ፦ የአቶም ምስል የሚያጠራ ነጻ ሶፍትዌር ሲመዘን

ሃይፐርስፓይ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ፣ ያለ ክፍያ የሚወርድና ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ሲሆን፣ በተለይ በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ ሙሉ ስፔክትረም (በየኃይል ደረጃው የተለካ ምልክት) የያዙ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ምስሎችን ለመተንተን ያገለግላል። እዚህ የምመዝነው ሁሉንም አገልግሎቱን ሳይሆን፣ በኖይዝ (ምስሉን በሚያደበዝዝ የዘፈቀደ መዋዠቅ) የተሸፈነን የአቶም ምስል በስታቲስቲክስ ሞዴል የሚያጠራበትን ክፍል ብቻ ነው።

የሌንስን ጉድለት የሚያርሙ መሣሪያዎች ከመጡ ወዲህ የአቶም ረድፎችን ለይቶ ማየት የተለመደ ሆኗል፤ ለዚህም ሥራ ሃራልድ ሮዘ፣ ማክሲሚልያን ሃይደር፣ ክኑት ኡርባን እና ኦንድሬይ ክሪቫኔክ በ2020 እ.ኤ.አ. የካቭሊን ሽልማት ተቀብለዋል። አሁን ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው ናሙናው ነው። እንደ ዚዮላይት (ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ማዕድን) ያሉ ቁሶች የኤሌክትሮን ጨረር ሲበዛባቸው ይፈርሳሉ፤ ጨረሩ ሲቀነስ ደግሞ ምስሉ ይደበዝዛል። በአንድ ፒክስል 100 ኤሌክትሮኖች ቢቆጠሩ የቁጥሩ መዋዠቅ 10 ያህል፣ ማለትም 10 በመቶ ነው፤ 4 ብቻ ቢቆጠሩ ግን መዋዠቁ 2፣ ማለትም የቆጠራው ግማሽ ይሆናል።

ሃይፐርስፓይ ይህን የሚቋቋመው፣ በሺህ የሚቆጠሩት ስፔክትረሞች በእርግጥ የጥቂት መሠረታዊ ቅርጾች ድብልቅ ናቸው ብሎ በመነሣት ነው። ከቀረቡት ዘዴዎች ይበልጥ የሳበኝ «አርፒሲኤ» የተባለው ነው፤ መረጃውን በጥቂት ቅርጾች የሚገለጽ ክፍልና አብዛኛው ዜሮ ሆኖ እዚህም እዚያም ብቻ ዋጋ የሚታይበት ክፍል አድርጎ ይለያየዋል። «ፒሲኤ» የተባለው ተራው ዘዴ፣ በመቅረጫው ላይ ያረፈ አንድ ከጠፈር የሚመጣ የኮስሚክ ጨረር የሚያስከትለውን ድንገተኛ ጫፍ እንደ እውነተኛ ቅርጽ ሊቆጥረው ሲችል፣ ይኸኛው ግን ወደ ሁለተኛው ክፍል ገፍቶ ያስወጣዋል።

አጠቃቀሙ ፕሮግራም መጻፍ በመጠኑ ለሚችል ሰው አይከብድም። መረጃው በሙሉ ቁጥር የተከማቸ ከሆነ ትንተናው አይጀምርም፤ የሚወጣው የስሕተት መልእክት ግን የቁጥሩን ዓይነት በየትኛው ትእዛዝ መለወጥ እንደሚቻል ጭምር ስለሚናገር ጀማሪውን አያንከራትተውም። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ በብዙ የሳይንስ ሶፍትዌሮች አናገኘውም፤ ላዘጋጆቹም ከልብ አመሰግናለሁ። ከዚያ የሚሳለው ግራፍ የእያንዳንዱን ቅርጽ ድርሻ በቅደም ተከተል ያሳያል፤ መስመሩ በኃይል ወርዶ የሚተኛበት ቦታ መረጃው አብቅቶ ኖይዝ የሚጀምርበት ነው ተብሎ ይወሰዳል።

ትልቁ ሥጋቴም እዚሁ ላይ ነው። ስንት ቅርጽ እንደሚቀር የሚወስነው በመጨረሻ ተጠቃሚው ነው፤ ደካማ ምልክት ደግሞ ከዚያ መስመር በታች ሊቀበር ይችላል። ሊኽተርት እና ቨርቤክ በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ተራው የማጥሪያ ዘዴ ኖይዝን ሲቀንስ ውጤቱን ወደ አንድ ወገን ሊያዛባ እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። በአርፒሲኤ ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ አለው፦ በክሪስታሉ ውስጥ ለብቻው የገባ አንድ ባዕድ አቶም፣ በሒሳቡ ዓይን ከኮስሚክ ጨረር ጫፍ ብዙም ስለማይለይ፣ ከቆሻሻው ጋር ሊወገድ ይችላል። ተመራማሪው የሚፈልገው ያንኑ አቶም ቢሆንስ? ሶፍትዌሩ የተወገደውን ክፍል አይደብቅም፤ ሲጠየቅ ይመልሰዋል፤ ነገር ግን ካልተጠየቀ አያሳይም። በእኔ አስተያየት ከጠራው ምስል ጎን ሳይጠየቅ መቅረብ ነበረበት፤ ምክንያቱም ባዶ ሜዳ መምሰል በሚገባው በተወገደው ክፍል ምስል ላይ የአቶም ረድፎች ቅርጽ ከታየ፣ ማጥሪያው ኖይዝ ብቻ ሳይሆን ቁሱንም እንደቆረጠ ወዲያውኑ ይታወቃል።

ከኮምፒውተሩ የማስታወስ አቅም በላይ የሆኑ ፋይሎችን ከፋፍሎ ማስላት መቻሉ ዝቅተኛ ኮምፒውተር ላላቸው ቤተ ሙከራዎች ትልቅ እገዛ ነው፤ የራሱ ማይክሮስኮፕ የሌለው ተማሪም ሌሎች በነጻ የለቀቁትን መረጃ ወስዶ ሊለማመድበት ይችላል። ከ2.0 እትም ወዲህ የስፔክትረም ትንተናው ክፍል ኤክስስፓይ ወደተባለ የተለየ ጥቅል ስለተዛወረ፣ ለዚህ ሥራ የሚጭነው ሰው ሁለቱንም አብሮ ሊጭን ይገባል፤ ከዚያ በፊት በተጻፉ መማሪያዎች የሚጀምር ሰው አንዳንዶቹ ትእዛዞች እንደማይሠሩለት ይወቅ።