የአባቴን ሞተር ትንፋሽ ለመለሱልኝ ጋሼ

ይህን የምጽፈው ጎንደር ውስጥ የድሮ ሞተር ሳይክል ላላችሁ ሁሉ ነው። በተለይ ከአባት የወረሳችሁትን ሞተር ጓሮ አቁማችሁ «ምን ላድርጋት?» ለምትሉ። ከጥቆማው በፊት ግን ምስጋና አለብኝ።

እኛ ስምንት ነን። የድሮ ሞተር ፍቅር ነው ያገናኘን። እሁድ እሁድ ተሰባስበን አንዳንዴ ጎሃ ጫፍ እንወጣለን፤ አንዳንዴ አዘዞ ወርደን ቡና ጠጥተን እንመለሳለን። መንገዱ ሰላም መሆኑን ስናጣራ ደግሞ ራቅ እንላለን። አንዱ ጓደኛችን ጃዋ 350 አለው፤ ማስነሻውም ማርሹም በአንድ ዘንግ የሚሰራ። ሌላው ሆንዳ ኤክስኤል ይነዳል። አንዲት እህታችን ደግሞ ቬስፓዋን እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቃት።

የኔዋ ያማሃ ዲቲ 125 ናት። አባቴ የግብርና ባለሙያ ነበር። ገጠር ለገጠር ሲዞርባት የኖረባትን ሞተር መስሪያ ቤቱ በጨረታ ሲያወጣት ገዛት። እሱ ካረፈ በኋላ እኔ ጋ ቀረች።

ችግሯ እንዲህ ነበር። ከተማ ውስጥ ደህና ትሄዳለች። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ያለውን የኮሶዬን ዳገት ስትጀምር ግን ትታፈናለች። ታስላለች፣ ጥቁር ጭስ ትለቃለች፣ በመጨረሻም ቀጥ ትላለች። መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ አስነስተው ሰሟትና «ሲሊንደሯ አልቋል፤ ተቦርቡሮ አዲስ ፒስተን ይግባላት» አሉኝ። ለእንዲህ ዓይነት ሞተር ፒስተን ፍለጋ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀብድ ልከፍል ስል ባለ ጃዋው ጓደኛዬ «ቆይ፣ መጀመሪያ ጋሼ ይዩልህ» አለኝ።

ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ስማቸው እንዲወጣ አይወዱም። እኛም ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው።

ሱቃቸው ጠባብ ናት። ቁልፎቹ ግድግዳው ላይ በመጠን በመጠናቸው ተደርድረው ተሰቅለዋል። ሞተሯን ወዲያው አላስነሱም። አግዳሚው ላይ አስቀመጡኝና መጠየቅ ጀመሩ። የት ስትደርስ ነው የምትታፈን? ሽቅብ ብቻ ነው ወይስ ሜዳም ላይ? ለመጨረሻ ጊዜ ማን ነካት? ሐኪም ዘንድ የገባሁ መሰለኝ።

ከዚያ ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ ሰጪ) ፈትተው መዳፋቸው ላይ አኖሩት። ጫፉ እንደ ምጣድ ጥላሸት ጠቁሮ በቤንዚንና በዘይት ርሷል።

«አየኸው? የደህና ሞተር ካንዴላ ለዘብ ተደርጎ የተቆላ ቡና ነው እሚመስል። ከነጣ ቤንዚን አንሶታል። እንዲህ ከጠቆረ ደግሞ በዝቶበታል» አሉኝ።

ቀጥለው ማርሚታውን ፈቱ። ጭሱ በሚወጣበት ቀዳዳ በእጅ ባትሪ አበሩና «ና እይ» አሉ። አጎንብሼ አየሁ። የፒስተኑ ጎን አንድም ጭረት የለበትም። የካንዴላውን ቀዳዳ በአውራ ጣቴ አስደፈኑኝና ማስነሻውን በእጃቸው ወደ ታች መቱት። ጣቴን ገፍቶ አስለቀቀኝ።

«ይኸ ምን ሆነና ነው እሚቦረቦር! ሞተሩ ጤነኛ ነው ልጄ። የታፈነው ትንፋሹ ነው።»

እውነትም ነበር። የጎን ክዳኑን ከፍተው የአየር ማጣሪያውን ስፖንጅ ሲያወጡት የተቃጠለ ዘይት ያንጠባጥባል። አንድ ሰው ዘይት ውስጥ ነክሮ ሳይጨምቅ መልሶታል። በዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ አለ። ጎንደር ራሷ ከባህር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር አታንስም። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ናት። ሽቅብ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ የድሮ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ግን ቤንዚኑን በልኩ አይቀንስም። አዲሶቹ ተሽከርካሪዎች በኮምፒውተር ራሳቸውን ያስተካክላሉ። የድሮ ሞተር የሚያውቀው ሰው እጅ ይፈልጋል።

ስፖንጁን በሳሙና አጥበው ጥላ ላይ አደረቁት። ትንሽ ንጹሕ ዘይት አስነክተው ደህና አድርገው ጨመቁት። ቤንዚኑ እንዲቀንስ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን መርፌ አንድ እርከን ዝቅ አደረጓት። ካንዴላውን በአዲስ ቀየሩት። ይኸው ነው። ለእጃቸው የጠየቁኝ ገንዘብ ከካንዴላው ዋጋ ብዙም አይበልጥም። ልጨምር ብል እምቢ አሉ። «የሰራሁትን ያህል ነው የምቀበለው» አሉኝ። የወጣውን ካንዴላ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ከአዲሱ ጋር እያስተያየሁ ቀለም ማንበብ እንድማር።

ከዚህ በኋላ ነው ስምንታችንም ለደባርቁ ጉዞ ሞተሮቻችንን ይዘን እሳቸው ዘንድ የሄድነው። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ አብዛኛው ሽቅብ። ለጉዞው ሲያዘጋጁልን ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። በየሞተሩ ምን ሊበላሽ እንደሚችል ለየባለቤቱ አስቀድመው ነገሩን። ጃዋው ላይ ያደረጉትን ላሳያችሁ። የፍሪሲዮን ካቦው (ማርሽ ሲቀየር የሚሳበው ሽቦ) እርጅና እንዳለበት አዩ፤ ግን ገና አልተበጠሰም። አዲሱን ካቦ ከአሮጌው ጎን አስጠግተው ከላይ እስከ ታች በፕላስተር አሰሩት። «መንገድ ላይ ከተበጠሰ ጫፍና ጫፉን ብቻ ቀይር» አሉት።

ዳባት ልንገባ ስንል ተበጠሰ። አንድ ቁልፍና አንድ ፒንሳ ብቻ ነበር የያዝነው። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ከበው እያዩን ጓደኛዬ በአስር ደቂቃ ቀይሮ ተነሳን። የኔዋ ደግሞ ኮሶዬን ሳታስል ወጣች። እዚያ አፋፍ ላይ ቆሜ ቆላውን ቁልቁል ሳይ አባቴ ትዝ አለኝ። ጋሼንም አሰብኳቸው።

ከጉዞው መልስ በነበረው እሁድ ሞተሮቹን ፒያሳ ፖስታ ቤቱ አጠገብ ደርድረን ለሕዝብ አሳየን። ትንሽ ትርኢት ናት፤ ድንኳንም ድምፅ ማጉያም የላትም። ሰው ግን መጣ። ባጃጅ ነጂዎች ቆመው ጠየቁ። ልጆች ቬስፓዋ ላይ ፎቶ ተነሱ። ከገጠር ለገበያ የገቡ አንድ አባት የኔዋ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሙ። የነዳጅ ጋኗን በእጃቸው ዳበሱና «የእርሻው ባለሙያ በእንዲህ ያለች ነበር እሚመጣብን፤ ድምጿን ከሩቅ ነበር እምንለየው» አሉ። እንዳስነሳላቸው ጠየቁኝ። አስነሳሁላቸው።

ጋሼም መጡ። ከሥላሴ ቅዳሴ እንደወጡ፣ በነጠላቸው። ከኋላ ቆመው ሲሰሙ አየኋቸው። ከዚያ ሰው መሀል አልፈው ጎንበስ አሉ። ከኪሳቸው አንዲት ትንሽ ካቻቢቴ አወጡና ሚኒሞዋን (ቆማ ስትሰራ ፍጥነቷን የሚወስነውን ብሎን) ሩብ ዙር ያህል ነኩት። ድምጿ ረጋ አለ። ነጠላቸውን መልሰው ተከናነቡና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ማንም ልብ አላለም። እኔ ግን አየሁ፤ ለዚህም ነው ዛሬ የምጽፈው።

እሳቸው ዘንድ መሄድ ለምትፈልጉ ጥቂት ነገር ልበል። ሥራቸው የድሮ ሞተር ነው፤ ካርቡራተር ያለው። እሁድና በዓል ቀን አይከፍቱም። አይቸኩሉም፤ ነገ ጉዞ አለኝ ብላችሁ ዛሬ አትውሰዱላቸው። ዋጋውን ከመንካታቸው በፊት ይነግሯችኋል፤ የተቀየረውን ዕቃም ያስረክቧችኋል። የማይችሉትን «አልችልም» ይላሉ። ይህን ቃል ከመካኒክ አፍ የሰማሁት ከሳቸው ብቻ ነው።

ጋሼ፣ ይህን ጽሑፍ ልጆችዎ እንደሚያነቡልዎ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ራሴ ይዣችሁ እሄዳለሁ። ካንዴላውን ግን እንዳትጠርጉት። መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።