ዘጠኝ ወር በሦስት ሰንጢ፦ ማጠፊያው ላይ ምን ይግባ?

ባለፈው ኅዳር ከአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ አራት ስለት አወጣሁ፤ ሦስቱ ተረፉ። የአራተኛውን ነገር ኋላ እነግራችኋለሁ። የተረፉት ሦስቱ ርዝመታቸው 8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እጀታቸውም ከአንድ የወይራ ጉማጅ የወጣ ነው። ሆን ብዬ የለየኋቸው ስለቱ በሚዞርበት ማጠፊያ ብቻ ነው። አንዱ ሰንጢ ላይ የነሐስ ሮንዴላ (ጠፍጣፋ ቀለበት) ያለው ብሎን ገባ፣ ሌላው ላይ ኩሽኔታ (ትንንሽ ኳሶች የተደረደሩበት ቀለበት) ያለው ብሎን፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ አባቶቻችን ሲሠሩበት የኖሩት በመዶሻ የሚጠፈጠፍ ተራ የነሐስ ዘንግ። ሁለቱን ብሎኖች ዘመዴ ከውጭ ሀገር ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ ነው። ባለኩሽኔታው የባለሮንዴላውን ሁለት እጥፍ ግድም አስወጥቶኛል።

ሰንጢ በጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ አይፈተንም። ባለሮንዴላውን ደባርቅ ለሚኖረው ለአጎቴ ልጅ ሰጠሁት፤ በቅሎ ጭኖ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ገመድ ይቆርጣል። ባለኩሽኔታውን አራዳ ገበያ ፍራፍሬ የምትሸጠው እህቴ ወሰደችው። ባለዘንጉ እኔው ኪስ ውስጥ ቀረ።

የመጀመሪያውን ወር ብትጠይቁኝ ኖሮ ያለ ማመንታት ኩሽኔታ ግዙ እላችሁ ነበር። መቆለፊያው ሲለቀቅ ስለቱ በራሱ ክብደት ወርዶ ይዘጋል፤ ምንም የሚይዘው ነገር የለም። ጎረቤቶቼ እየመጡ ሲከፍቱና ሲዘጉ ይውሉ ነበር፤ እኔም ሻይ እያስቀዳሁ አያቸው ነበር። ባለሮንዴላው ግን ሲሠራ ደረቅ አለ፤ ጣት ይጠይቃል። የአጎቴ ልጅ በፊቴ ባይናገርም ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ።

ከዚያ የበጋው አቧራ መጣ። እህቴ ሸንኮራ ትልጣለች፣ ብርቱካን ትከፍላለች፤ ጭማቂው በስለቱ ሥር እየተንጠባጠበ ማጠፊያው ውስጥ ይገባል፤ አቧራው ደግሞ ጭማቂውን ተከትሎ ይገባል። የካቲት ላይ «ይህ ነገርህ አሸዋ የሚያኝክ ይመስላል» ብላ አመጣችልኝ። ፈታሁት። በቀጭኑ የኩሽኔታ ቀለበት ውስጥ የተደረደሩት ትንንሽ ኳሶች በጥቁር ማር የተለወሱ ይመስሉ ነበር። በሞቀ ውኃና በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ፣ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጨምሬ መለስኩላት። በሦስት ሳምንት ተመልሳ መጣች።

ቆሻሻውስ ይታጠባል። ኳሶቹ የሚሽከረከሩበትን ላሜራ ወደ መስኮት ወስጄ በሰያፍ ሳየው ግን ክብ ጎድጓዳ መስመር ተቀርጾበታል፤ የጥፍሬ ጫፍ ይገባበታል። ጥፋቱ የኔው ነው። ኩሽኔታ ጠንካራ ብረት ላይ ካልተቀመጠ ኳሶቹ ክብደቱን ሁሉ በጥቂት ነጥቦች ላይ ያሳርፉታል፤ የኔ ላሜራ ደግሞ ከቆርቆሮ ቤት የተገዛ ለስላሳ ብረት ነበር። መስመሩ በጎደጎደ ቁጥር ስለቱ ወደ ጎን መወዛወዝ ጀመረ። ብሎኑን ሳጠብቀው ውዝዋዜው ይቆማል፤ ነገር ግን አልከፈትም ይላል። ሳላላው ይከፈታል፣ ይወዛወዛልም። ከዚህ ዕቃ ጋር ሁለት ቀጫጭን የጠነከሩ የብረት ቀለበቶች ቢመጡ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር። አልመጡም፤ ስለ ኳሶቹ መቀመጫ በማሸጊያው ላይም አንዲት ቃል አልተጻፈም። በዚህ አሁንም ቅር ብሎኛል።

ነሐሱ ተቃራኒውን አደረገ። ይህ ሮንዴላ መዳብ ከቆርቆሮ (የቤት ክዳኑ ሳይሆን ቲን የሚባለው) እና ከጥቂት ፎስፈረስ ጋር የተቀላቀለበት ነው፤ ጠንካራ ብረት ሲሽከረከርበት ከመቧጨር ይልቅ እየተወለወለ ይሄዳል። የአጎቴ ልጅ ሚያዝያ ላይ ለፋሲካ ሲመጣ ሰንጢውን ተቀብዬ ስከፍተው ያ ደረቅነት ጠፍቷል። ፈትቼ ያየሁት ሮንዴላ እንደ መስታወት ያብለጨልጭ ነበር። አቧራ አልገባበትም ማለቴ አይደለም፤ ገብቷል። ነገር ግን የሚደበቅበት ጉድጓድ ስለሌለው በጨርቅ ተጠርጎ አለቀ። በክረምቱ ከባሌስትራው ስለት ላይ ዝገት ቢነሳም ሮንዴላው ላይ ጥቁር ቀለበት ብቻ ነው የቀረው፤ እርሱም በግራሶ ለቀቀ።

አሁን ወደ አራተኛው ስለት። ስለቱ የሚዞርበት የብሎኑ ቱቦ ውፍረት 4.76 ሚሊ ሜትር ነው፤ በኢንች የተለካ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጎደሎ ቁጥር ይዞ መጣ። አራዳ ያገኘሁት የትራፓኖ ጥርስ 5 ሚሊ ሜትር ነበርና «ሩብ ሚሊ ሜትር ምን ታመጣለች?» ብዬ በሳሁት። ቀዳዳው ላይ የጸጉር ያህል የሆነች ክፍተት ስለቱ ጫፍ ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ሆነች፤ መቆለፊያውም አንዴ ይይዛል አንዴ ይስታል። ጣቴን የሚዘጋ ሰንጢ ለዘመድ አልሰጥም ብዬ ጣልኩት። የቀሩትን በ4.5 በስቼ የቶርኖ ባለሙያ ዘንድ ወስጄ፣ ሪመር በሚባለው ቀዳዳ ማስተካከያ አስጨረስኩ። ሮንዴላ ይሁን ኩሽኔታ ከማለታችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። የቱቦው ርዝመትም እንደዚሁ ነው፤ ከረዘመ ብሎኑ ስለቱን አይዝም፣ ካጠረ ያንቀዋል። መስታወት ላይ በተነጠፈ ብርጭቆ ወረቀት ሁለት ሦስት ጊዜ አሽቶ መሞከር፣ እንደገና አሽቶ መሞከር ነው።

ስለ ባለዘንጉ ብዙ የምለው የለኝም፤ ምክንያቱም ምንም አልሆነም። ያሳዩኝ አንድ አዛውንት ቀጥቃጭ ናቸው። በስለቱና በእጀታው መካከል ዘይት የነካው ወረቀት አስገብተው ዘንጉን ከሁለት ወገን ጠፈጠፉት፤ ወረቀቱ ሲወጣ በትክክል ለመዞር የሚበቃ ቦታ ቀረ።

«ጋሼ፣ ሲላላስ?» አልኳቸው።

«መዶሻ የለህም ልጄ?»

ላላ፣ ሰኔ ላይ አንዴ። ሁለት ጊዜ መታሁት፣ አለቀ። ማጠብ ቢያስፈልግ ግን ዘንጉን ሳይቆርጡ መፍታት አይቻልም፤ ሸንኮራ ለሚልጥ ሰው አልሰጠውም።

ሮንዴላው አሸነፈ ብዬ ልዘጋው ስል ሐምሌ ላይ ከደባርቅ ተደወለ። ብሎኑ እየተፈታ ነው። ይህ ብሎን ከስለቱ ጋር እንዳይዞር ቱቦው በአንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ሊሆን ይገባ ነበር፤ የኔው ሙሉ ክብ ነው፤ ሰንጢው በተከፈተ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይፈታል። ባለኩሽኔታው ጠፍጣፋ ጎን ስላለው አንድም ቀን አልተፈታም፤ ለእርሱ ይህን ልመስክርለት። «አጥብቀው» አልኩት። «በምን?» አለኝ። የብሎኑ ራስ ኮከብ ቅርጽ ነው፤ እንዲህ ያለ ካቻቢቴ ያላቸው ሞባይል ጠጋኞች ናቸው፤ እርሱ ደግሞ ከበቅሎዎቹ ጋር ተራራ ላይ ነው። ሁለት ሳምንት በክር አስሮ ተጠቀመበት።

ለነሐሴ ፍልሰታ ሲመጣ ብሎኑን በሞርሳ ይዤ በኮከቡ ላይ በሰጌቶ ቀጥ ያለ መስመር አወጣሁበት። ጥርሱን ደግሞ የእህቴን የጥፍር ቀለም ቀባሁት፤ ሰማያዊው የብሎን ማጣበቂያ ቢገኝ ይሻላል፣ ቀዩን ግን ያለ እሳት አትፈቱትም። ቀጣዩን ዕቃ ሳዝዝ የምጠይቀው የነሐስ ሮንዴላ፣ ጎኑ ጠፍጣፋ ቱቦ፣ ራሱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያለው ብሎን ነው። እንዲህ ያለ ካጣሁ ሰጌቶው አለ።

ትናንት ደወለ። በሌላ ቢላዋ ጀርባ ራሱ አጥብቆታል።