«ጥሪዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው» ሲሏችሁ ዋጋውን ጠይቁ

ወገኖቼ፣ ወደ አንድ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ከመደወላችሁ በፊት የቁጥሩን መነሻ አሃዞች ተመልከቱ። ተራ የስልክ ቁጥር ካልመሰላችሁ ዋጋውን ሳታጣሩ አትደውሉ። እኔ ይህን ባለማድረጌ፣ በዋስትና በነጻ ለተጠገነልኝ ዕቃ ከመለዋወጫው ዋጋ የሚበልጥ የስልክ ሒሳብ ከፍያለሁ።

ከተገዛ ዓመት ያልሞላው የልብስ ማጠቢያ ማሽን አንድ ማለዳ ውኃውን እንደያዘ፣ ልብሱንም እንደዋጠ ቀጥ አለ። በሩ አልከፈት አለ። በመስታወቱ በኩል የልጄ ሹራብ እጅጌ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ይታየኛል። ዋስትናው ስላላለፈ ብዙም አልተጨነቅኩም፤ ወረቀቱን አውጥቼ ከጀርባው የታተመው ቁጥር ላይ ደወልኩ።

አንድ ጊዜ እንኳ በቅጡ ሳይጠራ ተነሣ። እንዴት ያሉ ቀልጣፎች ናቸው ብዬ አደነቅኩ። ያነሣው ግን ሰው አልነበረም። አንዲት የተቀዳ ድምፅ ያላት ሴት ስለደወልኩ አመሰገነችኝ፤ ንግግራችን ለአገልግሎት ጥራት ሲባል እንደሚቀዳ ነገረችኝ፤ ድረ ገጻቸውን እንድጎበኝ መከረችኝ፤ ስለ አዲሱ ምርታቸውም ጥቂት አጫወተችኝ። ከዚያ ለሽያጭ አንድን፣ ለክፍያ ሁለትን፣ ለጥገና ሦስትን እንድጫን አዘዘችኝ። ሦስትን ስጫን ሌላ ዝርዝር መጣ። ከሱ ቀጥሎ ሙዚቃ። ሙዚቃው በየጊዜው እየተቋረጠ «ሁሉም ሠራተኞቻችን ሌሎች ደንበኞችን በማስተናገድ ላይ ናቸው፤ ጥሪዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው» ይለኛል። ዋጋ እንዳለውስ በኋላ ገባኝ።

የመጀመሪያው ጥሪ 26 ደቂቃ ቆይቶ ተቋረጠ። ሁለተኛው 31 ደቂቃ አስጠብቆኝ እሱም ተቋረጠ። በሦስተኛው ሰው አገኘሁ። ትሑት ወጣት ነው፤ የማሽኑን መለያ ቁጥር ጠየቀኝ። መለያ ቁጥሩ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? ከማሽኑ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጋር በተጠጋው በኩል። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል አጣብቄ፣ ውኃ የሞላ ማሽን እየጎተትኩ፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን አንድ በአንድ አነበብኩለት። መካከል ላይ ያለችው «ቢ» ትሁን ስምንት ቁጥር ለመለየት ብቻ ሁለት ደቂቃ ሄደ። ጨርሼ ስተነፍስ «ጉዳዩ የሌላ ክፍል ስለሆነ ላስተላልፍዎት» አለኝና ወደ ሙዚቃው መለሰኝ። እዚያው ላይ በ19ኛው ደቂቃ መስመሩ ሞተ። አራተኛው ጥሪ 14 ደቂቃ ፈጅቶ የባለሙያ ቀጠሮ ተሰጠኝ። ድምሩ 90 ደቂቃ ነው። ከሰው ጋር የተነጋገርኩት ቢበዛ 11 ደቂቃ ይሆናል።

ባለሙያው መጣ፤ ውኃውን የሚያስወጣውን ፓምፕ ቀየረ፤ ምንም አላስከፈለም። ያስፈረመኝ ወረቀት ላይ ግን የፓምፑ ዋጋ ተጽፎ፣ ከጎኑ በዋስትና የተሸፈነ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ተመትቶበታል። በወሩ መጨረሻ የስልክ ሒሳቤ ሲመጣ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ስልኩ በልጦ ተገኘ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው፤ የተበላሸው የእነሱ ዕቃ፣ የከፈልኩት እኔ።

ነገሩን ማጣራት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስልኩ እየጠራ ሳለ ሒሳብ አይቆጥርም። መቁጠር የሚጀምረው በወዲያኛው ጫፍ ሲነሣ ነው፤ ለቆጣሪው ደግሞ ያነሣው ሰው ይሁን የተቀዳ ድምፅ ግድ የለውም። ስለዚህ ያ ሁሉ ምስጋና፣ ያ ሁሉ ምክር፣ ያ ሁሉ ሙዚቃ የተደመጠው በእኔ ወጪ ነው። መስመር ሲያዝ የሚሰማውን ያንን የጥንቱን «ቱት፣ ቱት» ስንረግም ኖረናል። እሱ ግን ቢያንስ አያስከፍልም ነበር።

ዋናው ጉዳይ ግን የቁጥሩ ዓይነት ነው። አንዳንድ ቁጥሮች ከተራ ጥሪ በላይ ያስከፍላሉ፤ ከዚያ ገንዘብም ለቁጥሩ ባለቤት ድርሻ ሊደርሰው ይችላል። ይህ ሐሜት አይደለም፤ በግልጽ የሚሠራበት የንግድ አሠራር ነው። ብሪታንያን ብንወስድ፣ እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ከሐምሌ 1 ቀን 2015 ጀምሮ እንዲህ ያለው ጥሪ ሒሳቡ ለሁለት ተከፍሎ ይታያል፤ አንዱን የምትደውሉበት የስልክ ኩባንያ ይወስዳል፣ ሌላውን የተደወለለት ወገን ይተምናል። በ084 እና በ087 የሚጀምሩት ቁጥሮች የዚህ ዓይነት ናቸው፤ በ09 የሚጀምሩት ደግሞ ከሁሉም የባሱ ውድ ናቸው። በአንጻሩ በ03 የሚጀምሩት፣ በ2007 ሥራ ላይ የዋሉት፣ እንደ ተራ ጥሪ ይታሰባሉ፤ በወርኃዊ ጥቅላችሁ ውስጥ ያሉትም ደቂቃዎች ይሸፍኗቸዋል። በ0800 የሚጀምሩት ነጻ ናቸው። ሁለት ሦስት አሃዝ ማንበብ የሚችል ሰው ከኪሳራ ይድናል ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥም እንዲሁ፣ ከ1967 ጀምሮ በ800 ለሚጀምር ቁጥር የሚከፍለው ተደዋዩ ሲሆን በ900 ለሚጀምረው ግን ደዋዩ ከፍ ባለ ታሪፍ ይከፍላል። በዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ከተማረረ በኋላ በ1992 ሕግ ወጣ፤ ዋጋው በጥሪው መጀመሪያ እንዲነገርና ደዋዩ ሳይከፍል የሚዘጋበት ዕድል እንዲያገኝ ተደረገ።

እኔን ከሁሉ በላይ ያበሸቀኝ ታዲያ ዋጋው አይደለም፤ «በአሁኑ ሰዓት ከወትሮው የበዛ ጥሪ እያስተናገድን ነው» የሚለው ነው። አራት ጊዜ ደወልኩ፤ በአራት የተለያዩ ቀናት፣ በተለያየ ሰዓት። አራቱንም ጊዜ ከወትሮው በዝቶ ነበር። ወትሮ የሚባለው ታዲያ መቼ ነው? ስንት ሰው በስልክ ተሰልፎ ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቅ ማስላት ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ጥበብ ነው። ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሲሠራ በጉዳዩ ላይ የመጀመሪያውን ጽሑፉን ያወጣው በ1909 ነበር። የጥሪውን ብዛት፣ የአንዱን ጥሪ አማካይ ርዝመትና የሠራተኛውን ቁጥር ስጡት፤ ቀመሩ የሚጠብቀውን ሰው መጠን ይነግራችኋል። የጥሪ ማዕከሎች እስከ ዛሬ ሠራተኛ የሚመድቡት በዚሁ ቀመር ነው። እንግዲህ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የምታስጠብቅ መሥሪያ ቤት ግማሽ ሰዓቱን አስባበታለች። አንድ ሠራተኛ ሲቀነስ ደመወዙ ይቀራል፤ የደዋዩ ደቂቃ ደግሞ ይረዝማል፤ ደቂቃው ገቢ የሚያመጣ ከሆነ ሰልፉን ለማሳጠር የሚቸኩል አይኖርም። የሚያነሣልንን ልጅ አትቆጡት፤ እሱ እኛን የሚያስጠብቀውን ሒሳብ አልሠራውም። ቁጣውም ቢሆን በደቂቃ ያስከፍላል።

ሕግ አውጪዎች ይህን ያልተረዱት አይደሉም። ጀርመን ከሰኔ 1 ቀን 2013 ጀምሮ በእነዚህ ልዩ ቁጥሮች ላይ የሚደረግ ጥበቃ በደቂቃ እንዳይከፈልበት አድርጋለች። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ውል ከገባ ደንበኛ ለሚመጣ ጥሪ ከመደበኛው ታሪፍ በላይ እንዳይጠየቅ ደነገገ፤ ድንጋጌው ከሰኔ 13 ቀን 2014 ጀምሮ ይሠራበታል። «መደበኛ ታሪፍ» ምን ማለት ነው በሚል ክርክር ተነሥቶ፣ የኅብረቱ ፍርድ ቤት መጋቢት 2 ቀን 2017 ወደ ተራ የመደበኛ ወይም የሞባይል ስልክ ቁጥር ከሚደረግ ጥሪ መብለጥ የለበትም ሲል ወሰነ። ድርጅቱ ከጥሪው አላተረፍኩም ቢልም ለውጥ አያመጣም ብሏል።

ልብ በሉ፣ ድንጋጌው የሚመለከተው አስቀድሞ የገዛውን ሰው ነው። ይህ ለምን እንዳስፈለገ ለማወቅ የድርጅቶችን ወረቀት ማገላበጥ ይበቃል። እኔ ያንን የዋስትና ወረቀት ጀርባ ደግሜ ሳየው የሽያጭ መስመሩ ነጻ ቁጥር ነበር። የጥገናው ነው ባለ ታሪፍ። ሊሸጡልን ሲፈልጉ እነሱ ይከፍላሉ፣ ልናማርር ስንፈልግ እኛ እንከፍላለን። ከገጹ ግርጌ በኮከብ ምልክት የተጠቆመች አንዲት መስመር ነበረች፤ ፊደሏ ከማጠቢያ መመሪያው ምልክቶች ያነሰ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ ይህኛው የድርጅቶቹ ሳይሆን የጥገኞች ሥራ ነው። የድርጅቱን ቁጥር በኢንተርኔት ስትፈልጉ ከላይ የሚመጣው አንዳንድ ጊዜ ማስታወቂያ ነው። እዚያ ያለው ቁጥር የሦስተኛ ወገን ይሆናል። ስትደውሉ ወደ እውነተኛው ድርጅት ያገናኛችኋል፤ ስለዚህ ምንም አትጠረጥሩም። ግን ጥሪው እስኪዘጋ ድረስ፣ ጥበቃውንም ጨምሮ፣ በውዱ ታሪፍ ይቆጥራል። የድርጅቱ ቁጥር በነጻ የሚገኝ ሆኖ ሳለ ለማገናኘት ብቻ መክፈል! ቁጥር ከዕቃው ወረቀት፣ ከባንክ ካርዳችሁ ጀርባ ወይም ራሳችሁ አድራሻውን ጽፋችሁ ከገባችሁበት የድርጅቱ ድረ ገጽ ብቻ ውሰዱ። አንድ ጊዜ ብቻ ጠርቶ ለተዘጋ እንግዳ የውጭ አገር ቁጥርም መልሳችሁ አትደውሉ፤ ጃፓኖች «ዋንጊሪ» የሚሉት፣ አንዴ አስጠርቶ መዝጋት ማለት ነው፣ የቆየ ማጭበርበሪያ ነው።

በቅድመ ክፍያ ካርድ ለሚደውል ሰው ደግሞ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። ሒሳቡ ጥበቃው መካከል ላይ ሲያልቅ ተራውም አብሮ ይጠፋል፤ ሞልቶ ሲደውል ከመጨረሻው ይሰለፋል። ጥቅሉ ውስጥ የቀሩት ብዙ «ነጻ ደቂቃዎች» ለእነዚህ ቁጥሮች ላይሠሩ ይችላሉ። ውጭ አገር ሆናችሁ በሮሚንግ ስትደውሉም ነጻ የተባለው መስመር ነጻ ላይሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ጻፉ። ኢሜይል ወይም በድረ ገጻቸው ያለው የጽሑፍ መልእክት አይቆጥርም፤ ቀኑንም ሰዓቱንም ይዞ ይቀመጣል። መደወል ግድ ከሆነ ለዚያው ድርጅት ተራ ቁጥር መኖሩን ፈልጉ፤ ከውጭ አገር ለሚደውሉ ደንበኞች ብለው የሚያስቀምጡት ቁጥር ብዙ ጊዜ ተራ ቁጥር ነው፣ ከአገር ውስጥም ሊሠራ ይችላል። «መልሰን እንደውልልዎ» የሚል ምርጫ ካለ ሳታመነቱ ያዙት። መለያ ቁጥሩን፣ የተገዛበትን ቀንና የደረሰኙን ቁጥር አስቀድማችሁ በወረቀት አስፍሩ፤ የእኔን ማሽን ቁጥር በጉልህ ጽፌ ጎኑ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሰው ሲያነሣላችሁም የመጀመሪያው ቃላችሁ «እባክዎ በዚህ ቁጥር መልሰው ይደውሉልኝ» ይሁን። እንቢ ካሉ ምንም አልቀረባችሁም።

ገንዘቤን ለማስመለስ ለድርጅቱ በጽሑፍ አመለከትኩ። መልሱ በትሕትና የተጻፈ ነበር፤ በመዝገባችን ላይ ከእርስዎ የተደረጉ ሁለት ጥሪዎች ብቻ ናቸው የሚታዩን ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ 57 ደቂቃ የበሉት፣ ሰው ሳያነሣቸው ስለተቋረጡ እነሱ ዘንድ አልተመዘገቡም። ከስልክ ኩባንያዬ ዝርዝር ሒሳቡን አስወጥቼ፣ አራቱንም መስመሮች በቀይ አስምሬ ላክሁላቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የአራቱንም ከፈሉ። ዝርዝሩን የጠየቅኩት ሰነዱ ሊጠፋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር፤ የእናንተም ኩባንያ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያቆየው ዛሬውኑ ጠይቁ፣ በጽሑፍ።