ለታዳጊ ተጫዋች ዓይን፦ የስክሪን ልምምድ ወይስ የሜዳ ላይ ቅኝት?

ስክሪኑ ላይ ተመሳሳይ ኳሶች ይተራመሳሉ፤ ልጁ ከመሃላቸው የተመረጡለትን ሦስት አራቱን በዓይኑ ተከትሎ መጨረሻ ላይ ይለያል። የዕይታ ተመራማሪው ጆስሊን ፎበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ፕሮፌሽናል ስፖርተኞች ይህን ከሌሎች ፈጥነው እንደሚለምዱት አሳይቷል። ይህ ማለት ግን ልምምዱ ጎበዝ ተጫዋች ያወጣል ማለት አይደለም። ጎበዝ የእግር ኳስ አማካይ የሚያነበው የተጋጣሚውን ዳሌና የቆመበትን እግር ነው፤ እነዚህ ደግሞ ስክሪኑ ላይ የሉም።

ሱሉልታ ወይም ለገጣፎ ባለ አቧራማ ሜዳ ግን 12 በ12 ሜትር በድንጋይ ምልክት አድርጉ። አራት ልጆች ማዕዘኖቹን ይያዙ፣ አንዱ መሃል ይግባ፤ የማዕዘኖቹ ልጆች እርስ በርስ እየተቀባበሉ ኳሱን ለመሃሉ ልጅ ያቀብሉ። አሰልጣኙ ከመሃሉ ልጅ ጀርባ ቀይ ወይም ቢጫ ጨርቅ ያነሳል። ልጁ ኳሱን ከመንካቱ በፊት በትከሻው ላይ ዞር ብሎ አይቶ ቀለሙን ይጠራል፤ ቀይ ከሆነ ለሰጠው ይመልሳል፣ ቢጫ ከሆነ ዞሮ ወደ ፊት ያቀብላል። በየ45 ሰከንዱ ተቀያየሩ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሰዓቱ ላይ ነው። ልጁ ዞር ማለት ያለበት ኳሱ በሌሎች መካከል ሲሄድ ነው፤ ወደ እሱ ከተላከ በኋላ ዞር ካለ፣ ወጣ ገባው መሬት ያነጥረውና ያመልጠዋል። ጨርቁም በእኩል ምት ከተነሳ ልጁ ማየቱን ትቶ ይገምታል። ልምምዱን ከማሟሟቂያ በኋላ ወዲያው አስገቡት፤ ልጅ ሲደክም አንገቱን ይደፋል።

ምርጫችን ሜዳው ነው። ስክሪኑ እግሩን ተጎድቶ ቤት ለተቀመጠ ልጅ ይሁን።