ኢዝ ፎከስ ወይስ አሬይካልክ? ለሜዳ ኮንሰርት የቱ ይሻላል

ለገጣፎ ወይ ሰንዳፋ በኩል ሜዳ ላይ ኮንሰርት ካሰባችሁ፣ ስፒከር ከመሰቀሉ በፊት ድምፁ የት ድረስ እንደሚደርስ በኮምፒውተር እዩት። ይህን የሚያሰሉት ሁለቱ ሶፍትዌሮች፣ ኢዝ ፎከስ እና አሬይካልክ፣ ነፃ ናቸው።

አሬይካልክ የጀርመኑ ስፒከር አምራች የዲ ኤንድ ቢ ነው፤ የሚያሰላውም ለራሱ ስፒከሮች ብቻ። ዕቃው ሁሉ የእነሱ ከሆነ ግን በጣም ደስ ይላል፤ የሰብዉፈሩን (የወፍራም ድምፅ ስፒከሩን) አደራደር ያሰላል፣ ያለቀውን ፕላን ደግሞ አር 1 በሚባለው የእነሱ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ላይ ከፍታችሁ አምፕሊፋየሮቹን ከዚያው ትቆጣጠራላችሁ።

ችግሩ፣ እኛ ጋ የሚከራየው ዕቃ ብዙ ጊዜ ቅልቅል ነው። ለዚህ እኔ ኢዝ ፎከስን እመርጣለሁ። የተለያዩ አምራቾች ለስፒከሮቻቸው ያወጡትን ፋይል ይቀበላል። ዊንዶውስ ላይ ብቻ መሥራቱ ያናድዳል እንጂ።

በየትኛውም ብትሠሩ ዲሌይ ስፒከሩን፣ ማለትም ከመድረኩ ርቆ ለኋለኛው ሰው የሚቆመውን ተጨማሪ ስፒከር፣ አትርሱ። በ15 ዲግሪ ሙቀት ድምፅ 40 ሜትር ለመሄድ ወደ 118 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ የዲሌይ ስፒከሩ ድምፅ በዚያው ልክ እንዲዘገይ ካልተደረገ ኋላ የቆመው ሰው፣ ያውም እኩል ከፍሎ የገባው፣ እያንዳንዱን የከበሮ ምት ሁለቴ ይሰማል።

ሁለቱም የሚያሳዩት ቀጥታ የሚመጣውን ድምፅ ነው። ቦታው ገላን በኩል እንዳሉት የቆርቆሮ መጋዘን ከሆነ፣ ማስተጋባቱን ስክሪኑ ላይ አታገኙትም። ቀድማችሁ ሂዱና መሀሉ ላይ ቆማችሁ አጨብጭቡ።